የሠርጉ ጠዋት ቄጠማ

ዙሪክ ውስጥ ሊማት ወንዝ ዳር ካለው መናፈሻ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቄጠማ ሽታ ነው። የከተማው አትክልተኞች የወንዙን ዳር አጭደው፣ ያጨዱትን እርጥቡን በየቦታው ከምረውት ሄደዋል። ቆምኩና ከክምሩ አንድ ዘለላ መዝዤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አሽከረከርኳት። ክብ ከሆነች ሣር ናት፣ ሦስት ማዕዘን ከሆነች ቄጠማ። ሦስት ማዕዘን ነበረች። ይህን ያወቅሁት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ልጆች ሆነን የበዓል ዋዜማ ወንዝ ወርደን እናጭድና አንዱን እስር በዐሥር ሳንቲም ገበያ ዳር እንሸጥ ነበር። ለመውሊድም እንሸጣለን፣ ለፋሲካም እንሸጣለን፤ ወሎ ውስጥ ገዢውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ይጮኻል፣ ቀና ስል ወገቤ ይመልስለታል። ዘለላዋን ግን አልጣልኳትም፤ ይዣት ወደ ግብዣው ሄድኩ።

ግብዣው የአስናቀችና የተካልኝ የጋብቻ በዓል ነው። አስናቀች የወጣትነቴ ጓደኛ ናት፣ ተካልኝ ባሏ። ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የጠራችኝ የመጀመሪያ ልጃቸው ሩት ናት። እዚያው ዙሪክ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አማርኛዋ ጀርመንኛ ውስጥ የተነከረ ነው፣ ስትናገር ግን ደስ ትላለች። ሐምሌ ላይ ደውላ፣ «አክስቴ፣ ዛምስታግ ነው፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ወንዙ ጋ። ግሪል አለ። ፓፓ ያቺን የሦስት ሰዓቷን ታሪክ ይናገራል» አለችኝ፤ ዛምስታግ የምትለው ቅዳሜን ነው። የትኛዋን ታሪክ ብዬ ጠየቅኋት፣ ልቤ እየጠረጠረ። እናቷ በሠርጓ ቀን ላግባው ወይስ ልተወው እያለች ወንዝ ዳር ሦስት ሰዓት ቆማ ስታስብ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳስጠበቀች ነገረችኝ። አባቷ በየዓመቱ ይናገረዋል፣ ሰዉም በየዓመቱ ይስቃል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማማ ግን አትስቅም። አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ኧረ እንጃ፣ ቆይቷል እኮ፣ ረስቼዋለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ካለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ይህን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ አባቷ ነበር፤ እሱንም ዋሽቼዋለሁ።

ያን ጊዜ እኔና አስናቀች ጄኔቭ ውስጥ ፓኪ ሠፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ፣ ሁሉም ሰው በስልክ እየጮኸ ወሬ የሚጠያየቅበት ሰሞን ነው። መንገዱ ጥግ ላይ አንድ የመስታወት ስልክ ቤት ነበረ። እሑድ እሑድ የእኛው ሰው ሳንቲሙን በመዳፉ ይዞ በፊቱ ይሰለፋል። ስልኩ አምስት ፍራንክ የምታክል ከባድ ሳንቲም አንዴ ጎርሶ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ደህና ናችሁ?» አስብሎ ብቻ ይዘጋብን ነበር። ምን እንበላ እንደነበር ስነግራቸው የዛሬ ልጆች አያምኑም ማለት ይቀናኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደህና እንበላ ነበር። ከታች ያለው የአረብ ሱቅ ምስሩን በኪሎ ይሸጥልናል፣ የትናንቱን ዳቦ ደግሞ በግማሽ ዋጋ። ልብሳችን ትከሻው የሰፋ ጃኬት ነው፤ ሁለታችን ጎን ለጎን ስንሄድ በሩ አይበቃንም። አስናቀች ፀጉሯን ጥቅልል አሠርታ አዲስ አበባ ያለች ዘፋኝ መስላ ነበር። በኋላ ጌታን ስትቀበል የዘፈን ካሴቶቿን በሙሉ ለእኔ አወረሰችኝና የመዝሙር ካሴት ገዛች። ክሩ ሲያመልጥ በእርሳስ የምንጠቀልለው ግን አንድ ላይ ተቀምጠን ነው።

እሷ ጴንጤ፣ እኔ እስላም፣ ክፍሏ ደግሞ አንዲት። እሷ ማታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች፤ እኔ ንጋት ላይ ለሱብሒ ስነሣ ቧንቧው ቤቱን ያናውጠዋል። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የሚኖሩት ስዊሳዊት አሮጊት፣ እነዚህ ሴቶች መቼ ነው የሚተኙት ብለው የቤቱን ባለቤት ጠይቀው ነበር አሉ። ተጣልተን ግን አናውቅም። ድስታችን ሁለት ነው፤ የእኔው ጆሮው ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሠረበት ነው። ጥብጣቡን ያሠረችው አስናቀች ናት፣ የእሷ ማንኪያ ተሳስቶ የእኔ ድስት ውስጥ እንዳይገባ። እኔ እንኳ አንዳንዴ ችላ ስል እሷ አትረሳም ነበር። በሥራ በኩል እሷ የታወቀ ፔርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበራት፣ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ታጥባለች፣ ታበላለች። እኔ ግን ከአገር በሠራተኝነት ይዘውኝ ከመጡት ቤተሰብ ከወጣሁ በኋላ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። አንድ ሆቴል ምድር ቤት በስውር አንሶላ እየተኮስኩ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እሻገራለሁ። ብያዝ የሚጠብቀኝ አውሮፕላን ነው። እናቴንና ሁለት ወንድሞቼን የማበላው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ተካልኝ ከዙሪክ መጥቶ አስናቀችን ያያት በአንድ የጸሎት ጉባኤ ላይ ነው። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚያወርድ ሰው ነበር። ዓመት ያህል በየወሩ እየተመላለሰ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ እየላከ ቆየ። ሠርጉ በነሐሴ ቅዳሜ፣ በአንድ የሰበካ አዳራሽ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ዓርብ ማታ አዳራሹን ልናስተካክል ሄድን። ወንበሩን ደረደርን፣ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፍን፣ ፊኛ ነፋን። ስንጨርስ አስናቀች መሐል ላይ ቆማ ወለሉን አየች። አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፣ የሆስፒታል ዓይነት። «እናቴ ብታየው» ብቻ ብላ ዞር አለች። እኔም ክፉ ምክር መምከር አይከብደኝም፤ ቄጠማ አውቃለሁ፣ ነገ በጠዋት እናጭዳለን፣ አራት ሰዓት ሳይሆን ተነጥፎ ያልቃል አልኳት። ሐሳቡ የእኔ ነው። ይህ ቀድሞ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

የማውቀው ቦታ ሮን ወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ዛሬም እሄዳለሁ። ጄኔቭ ስሟ ትልቅ ሆነ እንጂ በእግር ዞረው የሚጨርሷት ትንሽ ከተማ ናት፤ ጡረታ ስወጣ ሥራዬ ከቨርሷ በባቡር ወርዶ፣ እዚያ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ ማየት ሆነ። አሁን የእንጨት መተላለፊያ ሠርተውለታል፣ እናቶች በጋሪ ልጅ ይገፉበታል፣ ወጣቶች ውሃው ዳር ገላቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ያኔ ግን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ውሃው ዳር ርጥብ ቦታ ላይ ወገብ የሚደርስ ቄጠማ ሳይ፣ እሑድ እሑድ አጠገቡ እየተቀመጥኩ በሆዴ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚበቅለው እል ነበር። በዙሪያው ገመድ ተወጥሮበታል፣ ገመዱ ላይም ዳክዬ የተሣለበት ሰሌዳ አለ። ሁለታችንም ፈረንሳይኛው ጽሑፍ ላይ ብዙ አልደከምንም። ዳክዬ አትንኩ ማለት ነው ብለን ተስማማን፤ ዳክዬ የሚነካ ደግሞ በመሐላችን አልነበረም። የአገሬ ወንዝ ዳር ቄጠማ ባለቤት የለውም፣ ቀድሞ የወረደ ያጭደዋል። ከተማ ቄጠማ ይተክላል፣ ተክሎም ይጠብቃል የሚል ሐሳብ በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ከየት ይመጣል?

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላና ከሆቴሉ የተጣለ አንድ ቀዳዳ አንሶላ ይዘናል። ሙሽራይቱ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ላዩ ላይ የእኔን የዝናብ ካፖርት ደርባ ነበር። እኔ ጫማዬን እንደተጫማሁ ገባሁበትና ከሥሩ አስጠግቼ አጨድኩ። ቦርከና ዳር የተማርኩት ነው፤ ካልነቀሉት በሳምንት ይመለሳል። እሷ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው አንሶላውን ዘርግታ ትቀበለኛለች። ጉም ከውሃው ላይ ይነሣል፣ ሽታው እስከ ሆዴ ይገባል፣ እኛም እንደ ልጅ እንስቃለን። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። ትልቁን ክፍል ጨርሰን አንሶላውን ልንቋጥር ስንል፣ ከበስተጀርባችን አንድ ሰው በትሕትና፣ «መዳም?» አለ። ዞር ስል አረንጓዴ የሥራ ልብስ የለበሰ፣ ቡትስ ጫማ ያጠለቀ ሽማግሌ አትክልተኛ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል።

ሮጥኩ። ሂጂ አላለችኝም፣ በዓይኗም አልጠቀሰችኝም። በኋላ ስለ ራሴ ሳስብ፣ ፔርሚ ስለሌለኝ እሷው ነበረች ሂጂ ያለችኝ እያልኩ ለማሳመር ሞክሬያለሁ፤ ግን አላለችም። ቢላውን ጣልኩና ዳገቱን ወጥቼ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ወደ ኋላ አላየሁም። አውቶቡሱ ውስጥ ስቀመጥ ነው አስናቀች ከእኔ ጋር አለመኖሯ የገባኝ። ይህን እየጻፍኩ ፊቴ ይሞቀኛል።

አዳራሹ ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሰው መግባት ጀምሯል። አራት ሰዓት ሆነ፣ ሙሽራ የለችም። አምስት ሆነ። ዘማሪዎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ዘምረው ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት አጭር ትምህርት ሰጡ፣ ከዚያም ረዘም ያለ። የተካልኝ ታላቅ ወንድም ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አፈጠጠበት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭቃ የነካውን ጫማዬን ከወንበሩ ሥር ደበቅሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ተካልኝ ራሱ መጣ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ እጅጌው ትንሽ አጥሮበታል። ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በቀስታ፣ «ሐዋ፣ ዛሬ ጠዋት አስናቀችን አይተሻታል?» አለኝ። እስከ ዛሬ የማስበው፣ በዚያች ቅጽበት አዎ ብል ምን እንደምሆን ነው። አዎ ብል መናፈሻው ይመጣል፣ አትክልተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ የእኔ ወረቀት። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «አላየኋትም፤ ከሥራ ነው የመጣሁት» አልኩት። አመሰግናለሁ ብሎኝ ተመለሰ።

አስናቀች የመጣችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል፣ ፊቷ ግን ረጋ ብሏል። ቄጠማ ላመጣ ወንዝ ወርጄ ያዙኝ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ኀላፊው እስኪመጣ አትክልተኛው ጎጆ ውስጥ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ አለች። ኀላፊው ሲመጣ ሠርጓ መሆኑን ሰምቶ ራርቶላት፣ ምንም ሳይጽፍ ለቀቃት፤ ቄጠማውን ብቻ አስቀረ። ያ ደግነት ነው የጎዳት። አንዲት ወረቀት ቢሰጣት ኖሮ ለዘላለም ማስረጃ ይሆናት ነበር። የተካልኝ ወንድም፣ «ለብቻሽ? በሠርግሽ ጠዋት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን፣ ያንን አረንጓዴ ፕላስቲክ አየሁ። «ለብቻዬ» አለች። ማንም አላመናትም። ጭቃው ወንዝ ዳር መቆሟን ያሳያል፣ ማጨዷን ግን አያሳይም። ሰዉ በየወንበሩ፣ ልጅቷ አመንትታ ኖሯል እያለ አንሾካሾከ። ተካልኝ ግን፣ «መጣች አይደል፣ ይበቃል» አለና እጇን ያዘ። ተጋቡ። ምሳ ሲቀርብ፣ ለእኔና ለወሎ ልጆች ተብሎ እስላም የባረከው ሥጋ ለብቻው በድስት ተሠርቶ፣ ጆሮው ላይ ቀይ ጥብጣብ ታሥሮ መጣ። አስናቀች ሳምንቱን ሙሉ ስትሯሯጥለት የቆየችው ድስት ነው። በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

የእኔ ወረቀት በሁለት ዓመቱ ተስተካከለ። ፔርሚውን በእጄ የያዝኩ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አሁን መናገር እችላለሁ የሚለውን ነው። አልተናገርኩም። ፍርሃቴ ሲያልቅ ሐፍረቴ ተተካ፤ ሐፍረት ደግሞ እንደ ፍርሃት በወረቀት አይፈታም። አስናቀች ባሏን ተከትላ ዙሪክ ገብታለች፣ ሦስት ልጆች ወልዳለች። በየበዓሉ እንደዋወላለን። እኔ ለገና እደውላለሁ፣ እሷ ለኢድ ትደውላለች፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ኪራይ እናወራለን። አንዴ ብቻ ድፍረት አግኝቼ፣ ያን ቀን ብዬ ስጀምር፣ «እሱን ተዪው ሐዋ» አለችኝና የሩትን የትምህርት ውጤት ታወራልኝ ጀመር። እንደዚያ ስትል የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ተካልኝ በየዓመቱ ቀልድ አድርጎ እንደሚያወራው፣ እሷም በየዓመቱ ሳህን እያነሣች እንደምትሰማው እኔ በየት በኩል ልወቅ? ምናልባት ላለማወቅ ነበር ከሦስት ሰዓት የባቡር መንገድ ማዶ ዝም ብዬ የቀረሁት።

እንግዲህ ያን ዘለላ ይዤ ደረስኩ። ትልቅ ዛፍ ሥር ሦስት ጠረጴዛ ገጥመዋል፣ ግሪሉ ይጤሳል፣ የልጅ ልጆች በጀርመንኛ ይጯጯሃሉ። ወንዙ ውስጥ ሰዎች ልብሳቸውን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ቋጥረው በዋና ወደ ታች ይሄዳሉ፤ ስዊሶች ከሥራ ሲወጡ በወንዝ ወደ ቤታቸው መሄድ ይወዳሉ። አስናቀች ስታየኝ በሁለት እጇ አንገቴን ይዛ ሳመችኝ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ጥቅልሉ ግን እንዳለ ነው። «ያንቺ እዚያ ነው» ብላ በአገጯ ጠቆመችኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ክዳኑ የተከደነ ድስት አለ፣ ጆሮው ላይ ቀይ ጥብጣብ። ዓይኔን ወደ ወንዙ መለስኩ። የሆነ ነገር ሊያስለቅሰኝ ሲፈልግ ውሃ ማየት ይረዳኛል።

ተካልኝ ዳሌውን በቀዶ ሕክምና ከተቀየረ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄደው። ራቅ ብሎ ውሃው ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ ንግግሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ያነባል። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ባቡሩ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከሩት ጋር በስልክ ካወራን ጀምሮ በልቤ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያ ነበረው፣ ስለ ወረቀትም ክፍል ነበረው። አንዱም አልመጣልኝም።

«ተካልኝ፣ ያን ቀን ጠዋት አስናቀች ብቻዋን አልነበረችም» አልኩት።

ወረቀቱን የያዘው እጁ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ሌላ ወንድ ነበረ ማለቴ እንደመሰለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ ያ ቀልድ ለእሱ ምን እንደነበረም አብሮ ገባኝ። ለሠላሳ ዓመት ሲያስቅበት የኖረው ነገር እሱን አንድም ቀን አስቆት አያውቅም።

«ከማን ጋር ነበረች?» አለኝ።

«ከእኔ ጋር። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ወላሂ፣ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። አንሶላውን፣ ዳክዬውን፣ ቢላውን፣ ሩጫውን፣ ወንበሩ ሥር የደበቅሁትን ጫማ። በእጄ የያዝኳትን ዘለላ እያሽከረከርኩ ነው የማወራው፣ ጫፏ ተበጣጥሷል። ሲሰማኝ ወንዙን እንጂ እኔን አላየም። ስጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለኝ በመጨረሻ።

«ጠይቀኸኛል» አልኩት።

ዘለላዋን ከእጄ ወስዶ አያት፣ ኪሱ ውስጥ ከተታትና ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። ንግግሩን የጻፈባት ወረቀት አግዳሚው ላይ ቀረች። ሩት ከዛፉ ሥር፣ «ፓፓ፣ ምግቡ ደረሰ» እያለች ትጠራዋለች። ተከትዬው ሄጄ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከልጆቹ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሁሉም ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ ሩት እጇን አጨበጨበች። ተካልኝ ቆመ። የልጅ ልጆቹ ታሪኩን ስለሚያውቁት ገና ሳይጀምር ሳቃቸውን አዘጋጅተዋል። አስናቀች እንደ ልማዷ ባዶ ሳህን ልትሰበስብ ተነሣች። «አስናቀች፣ ተቀመጪ» አላት። ግራ ገብቷት ተቀመጠች።

«ያ በየዓመቱ የምነግራችሁ ታሪክ ስሕተት አለበት» አለ ተካልኝ። «እናታችሁ በሠርጓ ቀን ሦስት ሰዓት ቆማ አላሰበችም። እኔ የምረግጠው ቄጠማ ልታመጣ ሄዳ ተይዛ ነው። በዚያው ቀን ነግራኛለች። ያላመንኳት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። አንደኛዋ የልጅ ልጅ ቄጠማ ምንድን ነው ብላ በጀርመንኛ ጠየቀች፣ ሩት ደግሞ ከፊሉን በአማርኛ፣ ከፊሉን በጀርመንኛ እየቀላቀለች ለበዓል ወለል ላይ የሚበተን ሣር ነው ብላ አስረዳቻት። አስናቀች ባሏን ትክ ብላ ታየዋለች። «ማን ነገረህ?» አለችው።

ተካልኝ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ዘለላ በእጁ ሲነካት አየሁ። አልመለሰላትም። ወደ እኔም አልዞረም። ሊሸፍነኝ ነው። ያ ሁሉ ዓመት እሷ ሸፈነችኝ፣ አሁን ደግሞ እሱ። እንዲያው ዝም ብል ምሳው ይቀጥላል፣ እኔም በስምንት ሰዓቱ ባቡር ቨርሷ እገባለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «አብሬሽ ነበርኩ። ጥዬሽ ሮጥኩ፤ ጠይቆኝም ዋሸሁት።»

አስናቀች ወደ እኔ ዞረች። ያን ቀን ያየችኝ ዓይን ነው፣ ያው ዓይን፣ ያን ጊዜ ሸሽቼው ወለሉን ያየሁት። አሁን አየኋት። ግሪሉ ላይ አንድ ነገር ሲቃጠል ሸተተን፣ ማንም አልተነሣም። ከዚያ አስናቀች በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ልጅ ልጆቿ ዞረች።

«ያጨደችው እሷ ናት» አለቻቸው። «እኔ አንሶላ ነው የያዝኩት። ስትሮጥ ደግሞ ባያችኋት።»

ሩት ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ተካልኝ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። አስናቀች ሳህን አንሥታ ጥብጣቡ ወዳለበት ድስት ሄደች፣ ጨለፈችልኝ፣ መጥታም ከፊቴ አስቀመጠችውና አጠገቤ ተቀመጠች። ማንኪያውን ሳነሣ ነው ያስተዋልኩት፤ ጫማዬን ከወንበሩ ሥር ደብቄው ኖሯል። እግሬን አወጣሁና ሣሩ ላይ ዘረጋሁት።